ጨዋታ ዘጊው

«ሴቭ» የሚባለው ስሌት በቤዝቦል ይፋዊ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1969 ነው፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስሌቱን ያመጣው ጀሮም ሆልትዝማን የተባለ የቺካጎ ስፖርት ጋዜጠኛ ነበር። በመጨረሻ ሰዓት ገብተው የሌላውን ድል የሚያስጠብቁ ተጫዋቾች ድካማቸው የትም ሳይጻፍ መቅረቱ ቆጭቶት፣ ስሌቱን ገና ከ1960 ገደማ ጀምሮ በጋዜጣ ላይ ይቆጥርላቸው ነበር። ይህ ስሌት ሕጋዊ በሆነበት በዚያው ዓመት፣ ኖቬምበር 29 ቀን፣ ማሪያኖ ሪቬራ ፓናማ ሲቲ ውስጥ ተወለደ። ከ42 ዓመት በኋላ የስሌቱን ክብረ ወሰን የሚይዘው እሱ ነው።

የሪቬራን ሥራ ለመረዳት ስለ ጨዋታው ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ የቤዝቦል ጨዋታ 9 ኢኒንግ አለው። በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ ዱላ ይዘው ይመታሉ፤ የአንዱ ተራ የሚያበቃው ሦስት ሰዎቹ ሲወጡበት፣ በጨዋታው ቋንቋ ሦስት «አውት» ሲቆጠርበት ነው። 18 ሜትር ተኩል ያህል ከሚርቅ ጉብታ ላይ ቆሞ ወደ መቺው ኳስ የሚልከው ተጫዋች ወርዋሪ ይባላል። ጨዋታውን የጀመረው ወርዋሪ ክንዱ ሲዝል ተተኪ ይገባለታል። ከተተኪዎቹ መካከል ቡድኑ በጠባብ ልዩነት ሲመራ የመጨረሻዎቹን ሦስት አውቶች እንዲያመጣ የተመደበው ሰው «ክሎዘር»፣ ማለትም ዘጊ ይባላል። ቡድኑ ከሦስት ባልበለጠ ነጥብ ሲመራ ገብቶ፣ ቢያንስ አንድ ኢኒንግ ወርውሮ፣ ድሉን ሳያስነጥቅ ጨዋታውን የጨረሰ ዘጊ አንድ ሴቭ ይመዘገብለታል። መሪነቱን ካስነጠቀ ደግሞ ያ ይጻፍበታል። ዘጊ ለዘጠነኛው ኢኒንግ ብቻ የሚቀመጥ ባለሙያ የሆነው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የኦክላንዱ አሰልጣኝ ቶኒ ላ ሩሳ ዴኒስ ኤከርስሊን በዚህ መንገድ ማሰለፍ ሲጀምሩ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጭካኔ ያለበት ሥራ ነው። ጀማሪ ወርዋሪ ቢሳሳት ባልደረቦቹ የሚያካክሱበት ሁለት ሰዓት አለው፤ ዘጊ ሲሳሳት ግን ብዙውን ጊዜ ከእሱ በኋላ ጨዋታ የለም።

ሪቬራ ያደገው ከፓናማ ሲቲ በስተ ምዕራብ፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ባለችው ፖርቶ ካይሚቶ በተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አባቱ የዓሣ ጀልባ ካፒቴን ነበሩ። ልጆች ባሕሩ ሲሸሽ በሚገለጠው አሸዋ ላይ ቤዝቦል ይጫወታሉ። ጓንታቸው የወተት ካርቶን፣ ዱላቸው የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ኳሳቸውም በፕላስተር የተጠቀለለ የዓሣ መረብ ቁራጭ ነበር። እሱ ግን ከቤዝቦል ይልቅ እግር ኳስን ያስበልጥ ነበር፤ ከዚያ ሕልም ያስወጣው በአሥራዎቹ ዕድሜ ማብቂያ ላይ የገጠመው ተደጋጋሚ የቁርጭምጭሚት ጉዳት ነው። ትምህርቱንም ሳይጨርስ አቋርጦ ከአባቱ ጋር ሰርዲን ለማጥመድ ባሕር ወረደ። አንድ ጊዜ ጀልባቸው ስትሰጥም ጥለዋት ለማምለጥ ተገደዋል። ማጥመድ ሥራው ሆኖ እንዲቀር አለመፈለጉን ኋላ ሲናገር የኖረው በዚያ ዘመን ያየውን እያስታወሰ ነው።

በመንደሩ አካባቢ ፓናማ ኦኤስቴ ለሚባለው አማተር ቡድን ይጫወት የነበረው በወርዋሪነት አልነበረም። በሜዳው የጎደለውን ቦታ ሁሉ የሚሸፍን፣ በተለይም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ሾርትስቶፕ ሆኖ የሚሰለፍ ተከላካይ ነበር። በ1988 የኒውዮርክ ያንኪስ መልማይ ኸርብ ሬይበርን በዚህ ቦታ ሲጫወት አይተውት አልፈውታል። ዓመት ቆይቶ ግን የቡድኑ ወርዋሪ እጅግ በተዳከመበት አንድ ቀን ሪቬራ በእሱ ምትክ ጉብታው ላይ ወጣ። ከዚያ በፊት በቁም ነገር ወርውሮ ባያውቅም ኳሱ የፈለገበት ቦታ ይደርስለት ነበር። የቡድን ጓደኞቹ ነገሩን ለያንኪስ መልማይ ቺኮ ሄሮን አደረሱ፤ ሬይበርንም ተመልሰው መጡ። ያዩት ቀጭን ወጣት ኳሱን በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር እንኳ የማያደርስ ነበር፤ ይህ በሙያው ዓለም ተራ ፍጥነት ነው። እሳቸው ግን እጁ ሳይጨነቅ፣ ሰውነቱ ሳይንገራገጭ፣ ውኃ እንደሚፈስ የሚወረውርበትን መንገድ ወደዱት። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1990 ሪቬራ በጥቂት ሺህ ዶላር ፈረመ። ዕድሜው 20 ሆኖት ነበር፤ በሙያው ለሚጀምር ላቲን አሜሪካዊ ዘግይቷል ማለት ይቻላል።

ያን ዓመት ከአገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቶ ታምፓ፣ ፍሎሪዳ ገባ። እንግሊዝኛ አይችልም፤ ወላጆቹ ቤት ስልክ ስላልነበረ የሚገናኙት በደብዳቤ ነበር። በታችኛው እርከን ሊግ በ52 ኢኒንግ ውስጥ በእሱ ጥፋት የተቆጠረው አንድ ነጥብ ብቻ ሆነ። በውድድሩ የመጨረሻ ቀን ደግሞ በ7 ኢኒንግ ጨዋታ ለተጋጣሚ አንድም ምት ሳይሰጥ ጨረሰ። ያም ሆኖ ትልቅ ተስፋ ከተጣለባቸው ወጣቶች ተርታ አልቆጠሩትም። በ1992 የክርን ጅማቱ ተጎዳና ኦገስት ላይ በታወቁት ሐኪም በፍራንክ ጆብ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በዚያው መጸው ሁለት አዳዲስ ክለቦች፣ የፍሎሪዳ ማርሊንስና የኮሎራዶ ሮኪስ፣ ከነባሮቹ ክለቦች ተጫዋች እንዲመርጡ ሲፈቀድ ያንኪስ ሪቬራን ሊነኩ ከማይፈቀዱት ስም ዝርዝር ውጪ ተወው። ማንም አልመረጠውም። በቤዝቦል ታሪክ በነጻ ሊወሰዱ ሲችሉ ከታለፉት ሁሉ እንደ እሱ ያለ መኖሩ ያጠራጥራል።

ወደ ዋናው ሊግ የወጣው ሜይ 23 ቀን 1995 በጀማሪ ወርዋሪነት ነው፤ ተጋጣሚው የካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ነበር። በ3 ኢኒንግ ከሲሶ 8 ምትና 5 ነጥብ ሰጠ፤ ያንኪስ 10 ለ 0 ተሸነፈ። ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ወደ ኮሎምበስ፣ ወደ ሁለተኛው እርከን ተመለሰ። ያን ጊዜ የክለቡ ኃላፊ ጂን ማይክል ከዲትሮይት ጋር የተጫዋች ልውውጥ እየተነጋገሩ ነበር፤ ከሚሰጡት መካከል የሪቬራ ስም ይነሳ ነበር። በጁን መጨረሻ ከኮሎምበስ የመጣው ዘገባ ግን ኳሱ በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር እንደደረሰ ይናገራል። ማይክል አላመኑም። የፍጥነት መለኪያው ተበላሽቶ እንዳይሆን ስልክ ደውለው አጣሩ፤ መለኪያው ደህና ነበር። ውይይቱን አቋረጡት። የክርኑ መዳን ይሁን ሌላ፣ ፍጥነቱ በድንገት የጨመረበትን ምክንያት ሪቬራ ራሱ ከፈጣሪ እንደሆነ ይናገራል። ጁላይ 4 ቀን ተመልሶ ከቺካጎ ዋይት ሶክስ ጋር 8 ኢኒንግ ወርውሮ 11 ሰው በስትራይክ አውት፣ ማለትም ኳሱን ሳይመቱ አስወጣ። በጀማሪነቱ ግን አልጸናም። ወርዋሪ የሚመዘንበት ዋናው ቁጥር በየ9 ኢኒንጉ በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ ነው፤ ከ3 በታች ሲሆን ግሩም፣ ከ5 ሲያልፍ ደካማ ይባላል። የሪቬራ የዚያ ዓመት አማካይ 5.51 ነበር። መንገዱን የቀየረው በመጸው የተደረገው የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ ነው፤ በተተኪነት ገብቶ በሲያትል ላይ 5 ኢኒንግ ከሲሶ ያለ ነጥብ ወረወረ።

በ1996 አዲሱ አሰልጣኝ ጆ ቶሪ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ኢኒንግ ለሪቬራ፣ ዘጠነኛውን ለዘጊው ጆን ዌትላንድ ሰጡ። ውጤቱ የጨዋታውን ርዝመት ራሱን ያሳጠረ ያህል ሆነ። ያንኪስ ስድስት ኢኒንግ ተጫውቶ ሲመራ 70 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 3 ጊዜ ብቻ ነው። ሪቬራ በ107 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ 130 ስትራይክ አውት አስመዘገበ፤ ዘጊም ጀማሪም ሳይሆን ለሊጉ ምርጥ ወርዋሪ በሚሰጠው የሳይ ያንግ ሽልማት ሦስተኛ ወጣ። ቡድኑ አትላንታን 4 ለ 2 አሸንፎ የዓመቱ ሻምፒዮን የሚለይበትን የዎርልድ ሲሪስ ዋንጫ ከወሰደ በኋላ የግጥሚያው ኮከብ የተባለው ዌትላንድ ወደ ቴክሳስ ሄደ፤ ክለቡም ቦታውን ለሪቬራ አስረከበ።

አጀማመሩ መጥፎ ነበር። በ1997 መግቢያ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ዕድሎች ሦስቱን አበላሸ። ቶሪ ጠርተው ቦታው የእሱ እንደሆነ፣ ዌትላንድን ለመሆን መሞከር እንደሌለበት ነገሩት። ከዚያ ጁን ላይ ዲትሮይት ውስጥ፣ ከጨዋታ በፊት ከባልደረባው ከራሚሮ ሜንዶሳ ጋር ኳስ እየተቀባበለ ሳለ አንድ ነገር ተፈጠረ። ቀጥ ብሎ መሄድ የነበረበት ኳስ መጨረሻ ላይ ድንገት ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ሜንዶሳ ለመቅለብ ተቸገረ፣ ሪቬራ ሆን ብሎ የሚያደርገው መሰለው። እሱ ግን አያያዙን አልለወጠም ነበር። ከወርዋሪዎች አሰልጣኝ ጋር ሆኖ ኳሱን መልሶ ቀጥ ለማድረግ ለቀናት ሞከረ፤ አልሆነም። ኋላ ተወውና እንደ መጣ ተቀበለው። ይህ ውርወራ «ከተር» የሚባለው ነው።

ከተር ሲታይ ተራ ፈጣን ኳስ ይመስላል። ልዩነቱ የመሐል ጣት ኳሱን በጥቂቱ ከመካከሉ ወደ ዳር ጠንከር አድርጋ መጫኗ ነው። ኳሱ ከወርዋሪው እጅ እስከ መቺው የሚደርሰው በግማሽ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ነው፤ መቺው ዱላውን ለማንሳት የሚወስነው ኳሱ ገና መንገድ ላይ እያለ ነው። የሪቬራ ከተር የሚታጠፈው ከዚያ ውሳኔ በኋላ ስለ ነበር ዱላው በታሰበው ቦታ ሲደርስ ኳሱ ጥቂት ጣቶች ያህል ርቆ ያልፋል። ለግራኝ መቺ ኳሱ ወደ እጁ ይገባበታልና የሚያርፈው በወፍራሙ የዱላ ክፍል ላይ ሳይሆን በቀጭኑ እጀታ ላይ ነው፤ ዱላው ይሰበራል። ግራኝ መቺ ቀኝ እጅ ወርዋሪን ማየት ይቀልለዋል የሚለው የቆየ እውቀት በሪቬራ ፊት አልሠራም። በ1999ኙ ዎርልድ ሲሪስ የአትላንታው ግራኝ ራያን ክሌስኮ በአንድ ተራ ብቻ ሦስት ዱላ ሲሰበርበት ባልደረቦቹ በመቀመጫቸው ሆነው መሳቅ ጀመሩ። ሪቬራ በቀሩት የሙያ ዓመታቱ ከሞላ ጎደል ይህን አንዱን ኳስ ብቻ ወረወረ። መቺው ምን እንደሚመጣ ያውቃል፣ ተመልካቹ ያውቃል፤ ሆኖም አይመቱትም። ሌሎች ታላላቅ ወርዋሪዎች በማታለል ኖረዋል። የእሱ ጥበብ የተገለጠ ነበር፤ ይህም ከሁሉ የሚለየው ይመስላል።

የ1997 ውድድር በ43 ሴቭና በ1.88 አማካይ ቢያልቅም መዝጊያው መራራ ነበር። ኦክቶበር 5 ቀን ክሊቭላንድ ውስጥ ያንኪስ ቀጣዩን ዙር ሊይዝ አራት አውት ሲቀረው ሳንዲ አሎማር ታናሹ የሪቬራን ኳስ በቀኝ አጥር ላይ አሻግሮ ጨዋታውን እኩል አደረገ። ቡድኑም ተሸንፎ ወጣ። በዘጊነት ዘመናቸው መጀመሪያ ላይ በእንዲህ ያለ ምት ተሰብረው የቀሩ ወርዋሪዎች ጥቂት አይደሉም። ሪቬራ በሚቀጥለው ዓመት በጥሎ ማለፍና በፍጻሜ 13 ኢኒንግ ከሲሶ ሲወረውር አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። ያ በ1998 በመደበኛው ውድድር 114 ጨዋታ ያሸነፈው፣ ሳን ዲዬጎን 4 ለ 0 ጠርጎ ዋንጫውን የወሰደው ቡድን ነው።

በዚያ ግጥሚያ የያንኪስ የሜዳ ሠራተኞች አንድ ነገር ከሳን ዲዬጎ ቀሰሙ። የዚያ ቡድን ዘጊ ትሬቨር ሆፍማን ወደ ሜዳ ሲገባ የሮክ ሙዚቃ ይለቀቅለትና ተመልካቹ በእግሩ ይቆም ነበር። እነሱም በ1999 ለሪቬራ የሜታሊካን «ኤንተር ሳንድማን» መረጡ። ተተኪ ወርዋሪዎች የሚሟሟቁበት የቡልፔኑ በር ተከፍቶ፣ የጊታሩ ድምፅ ሲነሳ፣ ቀጭኑ ሰው አንገቱን ደፍቶ በለሆሳስ ሲሮጥ ማየት የኒውዮርክ ሥርዓት ሆነ። እሱ ራሱ መንፈሳዊ መዝሙር የሚሰማ አጥባቂ ክርስቲያን ነበርና ዘፈኑን አልመረጠውም፣ ትርጉምም አልሰጠውም። በ1999 አትላንታን 4 ለ 0 ሲያሸንፉ የግጥሚያው ኮከብ ተባለ። በ2000 የከተማቸውን ሌላ ክለብ ሜትስን 4 ለ 1 ሲረቱ የመጨረሻውን አውት ከማይክ ፒያዛ ወሰደ። በዚያው ዓመት፣ ከቀደሙት ዓመታት ጋር ተደምሮ፣ በጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች በተከታታይ 33 ኢኒንግ ከሲሶ ያለ ነጥብ በመቆየት ዋይቲ ፎርድ ለአርባ ዓመት ያህል ይዞት የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ኖቬምበር 4 ቀን 2001፣ ፊኒክስ፣ አሪዞና። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ውድድሩ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ ስለ ነበር ዎርልድ ሲሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኖቬምበር ገብቷል። ሰባተኛው፣ የሚለይለት ጨዋታ ነው። ያንኪስ 2 ለ 1 ይመራል፤ ሪቬራ በስምንተኛው ገብቶ ሦስት ሰው በስትራይክ አውት አስወጥቷል። በጥሎ ማለፍ ያገኛቸውን 23 የሴቭ ዕድሎች በተከታታይ አንድም ሳያበላሽ ነው እዚህ የደረሰው። ዘጠነኛው ተጀመረ። ማርክ ግሬስ መትቶ ቤዝ፣ ማለትም ሯጭ የሚያርፍበትን ማዕዘን፣ ያዘ። ዴሚያን ሚለር ኳሱን በዱላ ገፋ አደረጋት፤ ሪቬራ አንስቶ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሲወረውር ሳተ። ቀጥሎ የመጣው ጄይ ቤል እንዲሁ ሲያደርግ ሯጩን በሦስተኛው ቤዝ ላይ አስወጣ፤ አንድ አውት። ቶኒ ዎማክ ግን በቀኝ መስመር መትቶ ጨዋታውን እኩል አደረገ። ክሬግ ካውንስል በኳስ ተመታና በነጻ አለፈ፤ ቤዞቹ ሞሉ። ተከላካዮቹ ነጥቡን ከሜዳው ላይ ለማስቀረት ወደ ፊት ቀረቡ። ሉዊስ ጎንዛሌዝ በከተሩ ተታሎ እጀታው አካባቢ መታት፤ ኳሷ ያለ ኃይል ተነስታ በያንኪሱ ሾርትስቶፕ በዴሬክ ጂተር ራስ ላይ አልፋ፣ ተከላካዮቹ በቦታቸው ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት በምትቀለብበት ሣር ላይ ወደቀች። 3 ለ 2። ሪቬራ አንገቱን ሳይደፋ ወጣ፤ ጋዜጠኞቹንም ቁጭ ብሎ የጠየቁትን ሁሉ መለሰላቸው።

የዚህ ሽንፈት ታሪክ በሜዳ ላይ አላበቃም። የቡድኑ ባልደረባ ኤንሪኬ ዊልሰን ከዋንጫ ሰልፍ በኋላ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለመብረር ይዞት የነበረውን ትኬት፣ ሰልፉ ስለ ቀረ ወደ ቀደመ ቀን አዛወረው። የተወው በረራ ኖቬምበር 12 ቀን ኒውዮርክ ውስጥ ወድቆ 265 ሰው የሞተበት የአሜሪካን አየር መንገድ 587 ነበር። ሪቬራ ይህን ሲሰማ በመሸነፋቸው ደስ እንዳለው ተናገረ፤ ጓደኛው ተርፎለታልና። የሙያውን ትልቁን ስብራት በዚህ ዓይን ማየት የቻለ ሰው በሚቀጥለው ምሽት ኳስ ሲይዝ እጁ ለምን እንደማይንቀጠቀጥ መረዳት አይከብድም።

በ2003 ወደ ዎርልድ ሲሪስ በሚያሳልፈው የአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ፣ ኦክቶበር 16 ቀን በሰባተኛው ጨዋታ፣ ከቦስተን ሬድ ሶክስ ጋር 5 ለ 5 እኩል ሆነው ሳለ ቶሪ ሪቬራን በዘጠነኛው አስገቡት። ዘጊ ከአንድ ኢኒንግ በላይ እምብዛም በማይቆይበት ዘመን እሱ ሦስት ወረወረ፤ ዘጠነኛ፣ አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ፣ ሁሉም ያለ ነጥብ። በአሥራ አንደኛው አጋማሽ አሮን ቡን የመጀመሪያዋን ኳስ በግራ አጥር ላይ አሻግሮ ጨዋታውን ጨረሰ። ሌላው ተጫዋች ሁሉ ወደ ቡን ሲሮጥ ሪቬራ ወደ ጉብታው ሮጦ በግንባሩ ተደፋና አለቀሰ። የግጥሚያው ኮከብ የተባለው እሱ ነው።

የሚቀጥለው ዓመት ተቃራኒው ሆነ። በ2004 የራሱን ከፍተኛ ቁጥር፣ 53 ሴቭ፣ ካስመዘገበ በኋላ በፓናማ መኖሪያ ቤቱ መዋኛ ውስጥ ሁለት ዘመዶቹ ሞቱ። ለቀብር በርሮ ሄዶ፣ ከቦስተን ጋር የሚደረገው ፍጻሜ በተከፈተበት ምሽት ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ስታዲየም ደረሰና ያንኑ ማታ ገብቶ ድሉን አስጠበቀ። ያንኪስ 3 ለ 0 መርቶ በአራተኛው ጨዋታ ሦስት አውት ሲቀሩት ሪቬራ ኬቪን ሚላርን በነጻ አሳለፈ። ሚላርን ተክቶ የሮጠው ዴቭ ሮበርትስ ሁሉም እንደሚሰርቅ እያወቀበት፣ ኳስ ሳይመታ ሮጦ ሁለተኛውን ቤዝ ሰረቀ፤ ቢል ሚውለር መትቶ አስገባው። በማግስቱም የሪቬራ ሴቭ ተበላሸ። ቦስተን ከዚያ በፊት በቤዝቦል ያልታየውን፣ ከ3 ለ 0 ተነስቶ አራቱንም የማሸነፍ ሥራ ሠራ፤ ከ1918 ወዲህ ያላገኘውንም ዋንጫ ወሰደ። ኤፕሪል 11 ቀን 2005 ቦስተን የሻምፒዮንነት ቀለበቱን ሲቀበል የሪቬራ ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ ስታዲየሙ በምፀት ጭብጨባ ፈነዳ። እሱ ከልቡ ስቆ ኮፍያውን አነሳላቸው። በዚያ ዓመት አማካዩ 1.38 ሆነ፤ በሳይ ያንግ ምርጫም ሁለተኛ ወጣ።

ቀጥሎ ያሉት ዓመታት ለትረካ ብዙ የሚሰጡ አይደሉም፤ ተመሳሳይ ምሽቶች ተደጋገሙ፣ ሴቭ በሴቭ ላይ ተከመረ። በ2008 የአማካዩ ቁጥር 1.40 ሲሆን በዓመቱ ሙሉ በነጻ ያሳለፈው 6 ሰው ብቻ ነው፤ በስትራይክ አውት ያስወጣው 77። በዚያው በጋ በኮከቦች ጨዋታ ላይ የቶሮንቶው ሮይ ሃላዴይ ከተሩን እንዴት እንደሚይዝ ጠየቀው። ሪቬራ ሳይሳሳ አሳየው፤ ሃላዴይም ጣቶቹ የሚያርፉበትን ቦታ ኳስ ላይ አስምሮ ወሰደ። የያንኪስ ተጫዋቾች ለተቀናቃኝ ምስጢር አስተምረሃል ብለው በቡድኑ የቀልድ ችሎት ቀጡት። በ2009 ያንኪስ ፊላደልፊያን 4 ለ 2 አሸንፎ ሲነግሥ የመጨረሻዎቹን አምስት አውቶች ያመጣው ሪቬራ 40 ዓመት ሊሞላው 25 ቀን ቀርቶት ነበር። አምስተኛ ዋንጫው ነው።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 2011 በሚኒሶታ ላይ 602ኛ ሴቩን አግኝቶ የሆፍማንን 601 አለፈ። ከጨዋታው በኋላ ባልደረቦቹ ገፍተው ወደ ጉብታው መለሱትና ብቻውን አቁመውት ተመልካቹ ጨበጨበ። ሰው ሁሉ ያየው ፊቱ ላይ የነበረውን ማፈር ነው።

ሜይ 3 ቀን 2012 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ፣ ከጨዋታ በፊት በመቺዎች ልምምድ ላይ፣ እንደ ልማዱ ሜዳው ጥግ ቆሞ የተመቱ ኳሶችን እያሳደደ ይቀልብ ነበር። ይህን የሚያደርገው ስለሚወደው ነው፤ ጎበዝ ቀላቢም ነበር። ከአጥሩ አጠገብ ያለው አፈር ላይ ሲደርስ ቀኝ ጉልበቱ ተጠማዞ ጅማቱ ተበጠሰ። 42 ዓመቱ ነበርና ብዙዎች በዚሁ አበቃ አሉ። በማግስቱ ግን እንዲህ እንደማይጨርስ ተናገረ። በማርች 2013 ያ ዓመት የመጨረሻው እንደሆነ አስታውቆ ተመለሰና በ43 ዓመቱ 44 ሴቭ አስመዘገበ።

የስንብቱን ዓመት ያሳለፈበት መንገድ ለብቻው ሊነገር ይገባል። ቡድኑ ለመጨረሻ ጊዜ በሚደርስበት በየከተማው ሪቬራ የተጋጣሚውን ክለብ የቆዩ ሠራተኞች፣ ትኬት ሻጮችን፣ ሜዳ ጠባቂዎችን፣ ወጥ ቤት የሚሠሩትን፣ በአንድ ክፍል ሰብስቦ ያነጋግር፣ ያመሰግን ነበር። ክለቦቹም ስጦታ አዘጋጁ፤ ሚኒሶታ የሰጠው ከተሰበሩ ዱላዎች የተሠራ ተወዛዋዥ ወንበር ነው። በጁላይ የኮከቦች ጨዋታ ላይ ወደ ጉብታው ሲደርስ ከኋላው ማንም አልነበረም፤ የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች ሜዳውን ትተውለት ከዳር ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። ሴፕቴምበር 22 ቀን ሜታሊካ ራሳቸው ስታዲየም መጥተው ዘፈኑን ተጫወቱለት፤ መለያ ቁጥሩ 42ም ከአገልግሎት ወጣ። ይህ ቁጥር ወደ ዋናው ሊግ ገብቶ የቀለም መለያየትን የሰበረው የጃኪ ሮቢንሰን ነበር። በ1997 ለክብሩ ሲባል በሁሉም ክለቦች ሲቆለፍ ቀድመው የለበሱት እንዲቀጥሉ ተፈቅዶ ነበርና በመጨረሻ ለብሶት የቀረው ሪቬራ ነው። በዕለቱ የሮቢንሰን ቤተሰብም ተገኝቷል።

አራት ቀን ቆይቶ ሴፕቴምበር 26፣ በያንኪ ስታዲየም የመጨረሻ ጨዋታው ላይ የሚጠበቅ ድል እንኳ አልነበረም። ቡድኑ በታምፓ ቤይ 4 ለ 0 እየተመራ በስምንተኛው ገባና ያገኛቸውን አራቱንም መቺዎች አስወጣ። በዘጠነኛው ሁለት አውት ሲሆን ሊያወጡት የመጡት አሰልጣኙ ሳይሆኑ በ1995 አብረውት የጀመሩት ወርዋሪው አንዲ ፔቲትና ዴሬክ ጂተር ነበሩ። ፔቲት ኳሱን ተቀበለው፤ ከፔቲት ድሎች 72ቱን ያስጠበቀው ሪቬራ ነበር፤ እንዲህ የበዛ የሁለት ወርዋሪዎች ጥምረት በታሪክ የለም። ሪቬራ በጓደኛው ትከሻ ላይ ተደግፎ አለቀሰ፤ ፔቲትም አቅፎት ቆየ። ጨዋታው ካበቃ በኋላ ሜዳው ሲረጋጋ ብቻውን ወደ ጉብታው ተመልሶ ጎንበስ አለና አፈሩን በእጁ ዘግኖ ወሰደ።

በመዝገብ የቀረው ይህ ነው፦ 1,115 ጨዋታ፣ 652 ሴቭ፣ 2.21 አማካይ። በጥሎ ማለፍና በፍጻሜ ደግሞ 96 ጨዋታ፣ 141 ኢኒንግ፣ 42 ሴቭ፣ 0.70 አማካይ። ተጋጣሚው ሲጠነክር፣ ምሽቱ ሲከብድ፣ የሚሰጠው ነጥብ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ከዚህ በላይ ስለ ሰውየው የሚናገር ቁጥር የለም።

ጃኑዋሪ 22 ቀን 2019 የዝና አዳራሽ ምርጫ ውጤት ሲነገር ድምፅ ከሰጡት 425 ጋዜጠኞች 425ቱም መርጠውታል። ቤብ ሩትም ሆነ ዊሊ ሜይስ፣ ማንም ከዚያ በፊት ሙሉ ድምፅ አላገኘም፤ በ2020 ጂተር፣ በ2025 ኢቺሮ ሱዙኪ እያንዳንዳቸው በአንድ ድምፅ አምልጧቸዋል። ከፓናማ ከሮድ ካሩ ቀጥሎ ሁለተኛው ተመራጭም ሆነ። ጁላይ 21 ቀን አዳራሹ ባለበት በኩፐርስታውን ውስጥ አብረውት ከተሾሙት መካከል ኤድጋር ማርቲኔዝ ነበር፤ ከመቺዎች ሁሉ ለሪቬራ እጅግ የከበደው ሰው፣ ካገኛቸው ዕድሎች ከግማሽ በላይ የመታው። ሊ ስሚዝም ነበር፤ ከሆፍማን በፊት የሴቭ ክብረ ወሰን በእጁ የነበረ። ከተሩን የተማረው ሮይ ሃላዴይ በ2017 በአውሮፕላን አደጋ ስለ ሞተ በእሱ ስም የተናገሩት ባለቤቱ ናቸው። ንግግር እንዲያደርግ ሪቬራ የተጠራው ከሁሉም በኋላ ነው። ለምን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ እንደሚያስገቡት እንዳልገባው ተናግሮ ሕዝቡን አሳቀ፤ ከዚያም በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ አመስግኖ ሥነ ሥርዓቱን ዘጋ።